ኮርቹን የተከልሽው አንቺ ነሽ

ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 20 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለልጄ ለትዕግሥት ተካ፣
ሊዝቦን

እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። ደህና መሆንሽን የላክሽው ፎቶግራፍ ተናግሯል፤ ጉንጭሽ ሞልቷል፣ ጫማሽም አዲስ ነው። እኔም አለሁ። ስለ ጉልበቴ አትጠይቂኝ፤ ጠይቀሽም አታውቂም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት እኔው ራሴ ነኝ። ንጋቷ ሱቅ ቁጭ ብዬ እሷ ስታነብልኝ፣ ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ የቤቴን ጉድ ሲሰማ የኖርኩበት ዘመን አልፏል። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከዲቦራ ፊት፣ የልጅ ልጄ ልትሆን ከምትችል መምህርት ፊት ተቀምጬ «ሀ» ያልኩት ለዚህ ነው። አራቱን ገጽ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ «እማዬ፣ መጣሁ» የሚል ይገኛል ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። ያገኘሁት ኤቮራ የሚሉትን ከተማ ነው።

እሺ፣ ኤቮራን አየሁልሽ። የምትጦሪያት አሮጊት «የተወለድኩበትን ከተማ ሳላይ አልሞትም» ብላ፣ አንቺም ያንን ሁሉ ዳገት በተሽከርካሪ ወንበር ስትገፊያት ዋልሽ። የሰው እናት። ሮማውያን ያቆሙት ቤተ ጣዖት አለ፣ ዓምዶቹ እስከ ዛሬ አልወደቁም፣ ብዙ ዘመንም ሥጋ ቤት ሆኖ ኖሯል አልሽ። ውሃ የሚያሻግር ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፣ ከቅስቶቹ ሥር ሰው ቤት ሠርቶ ይኖራል አልሽ። ከከተማው ውጭ ደግሞ ለቡሽ ልጣጩን የሚገፍፉት ዛፍ አለ፣ የተገፈፈበት ዓመት እንዳይረሳ ግንዱ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል አልሽ። አሮጊቷ ታዲያ ያንን ሁሉ ስታይ አልበረዳትም? የምትደርቢላት ነገር ይዘሽ ነበር? ለሰው እናት መቼም አትረሺም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የአጥንቱ ቤተ ጸሎት ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ላይ በሰው ራስ ቅልና በሰው ጭን አጥንት ተገንብቷል፤ አንቺ በፎቶግራፉ ላይ መሐሉ ቆመሽ ጥርስሽን ታሳያለሽ። መነኮሳቱ የመቃብር ቦታ ሲጠባቸው አጽሙን እያወጡ ሠሩት አልሽ። በሩ ላይ «እኛ እዚህ ያለን አጥንቶች የእናንተን እንጠብቃለን» ተብሎ ተጽፏል አልሽ። ከዚያ ቀጥለሽ «አባቴን አሰብኩት» ብለሽ ጻፍሽ። አባትሽን ለማሰብ ቲኬት ቆርጦ የማያውቁትን ሰው ራስ ቅል ማየት ያስፈልግ ኖሯል?

አጥንት ካነሳሽ እኔም ወሬ አለኝ። ደብራችን አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ መሠረቱ በድሮው መቃብር ላይ ይቆፈራል። ሟች ያለው ሁሉ እስከ ሆሳዕና አጽሙን አፍልሶ ወደ አዲሱ ቦታ እንዲወስድ፣ ባለቤት ያልቀረበለት ተለቅሞ በአንድ ጉድጓድ እንደሚገባ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። ባለፈው እሑድ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ዓባይነህ መዝገብ ይዞ በየመቃብሩ ዞረ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ከሰው ጋር ቆምኩ።

«ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ የአቶ ተካ የትኛው ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ያኔ ድንጋይ የሚያስጠርብ አልነበረም። ሰው ሲቀበር ከአጥር ላይ አንድ የኮርች እንጨት ተቆርጦ ራስጌው ላይ ይተከላል፤ ምልክቱ እሱ ነው። በዚህ አገር ዝናብ ደግሞ መሬት የገባ እንጨት፣ እንጨት ሆኖ አይቀርም። ሃያ ዓመት ሆነው። ዛሬ ስድስት ትላልቅ ኮርች በአንድ ረድፍ ቆመው፣ ቅጠላቸውን አራግፈው፣ ቀይ አበባቸውን እላያችን ላይ ያፈሳሉ። አባትሽ ከአንዱ ሥር ነው። የፖርቱጋል ዛፍ ቁጥር አለው፤ የእኛ የለውም።

የአባትሽን የተከልሽው አንቺ ነሽ። የበኩር ልጅ እጅ ይትከለው ተብሎ፣ በዘጠኝ ዓመትሽ። ገልብጠሽ ተክለሽው ቀባሪዎቹ «ይኼስ ወደ ታች ነው የሚያድገው» ብለው በለቅሶ መሐል እንደ ሳቁ ሰምቻለሁ። ስድስቱንም ዞሬ በእጄ ዳሰስኳቸው። የትኛው እንደ ተገለበጠ ዛፍ አይናገርም። ከቀባሪዎቹ ወልደጻድቅ ሞቷል፤ ሳህሉም ቴፒ ልጁ ዘንድ ነው፣ ዓይኑ አያይም።

«ልጁ ትመጣለች፤ እሷ ታሳያለች» አልኩት አቶ ዓባይነህን።

ንጋቷ ከኋላዬ ኖራለች። «ኧረ እትዬ ማናልሞሽ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የማንን መቃብር ስትሳለሚ ነው የኖርሽው?» አለች። ሰው ሳቀ።

አቶ ዓባይነህ ግን አልሳቀም። ሳቁ ይሻለኝ ነበር። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺ የማጂዋ በየነች ቀብሩ ላይ ነበረች አሉ። እሷን እናስጠራት ይሆን?» አለኝ።

በየነችን። አባትሽ ለንግድ ማጂ ሲወጣ ጎጆ የቀለሰላትን ሴት። በደብሩ ሕዝብ ፊት መጥታ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ባሌ የት እንደ ተኛ ለእኔ ታሳየኝ? «ልጁ ትመጣለች ብያለሁ» አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቀብሩ ቀን ወባ ጥሎኝ ቀረሁ ብዬ ለሰው ተናግሬአለሁ። ለአንቺም እንደዚያው። አንቺ ግን ከቀብር ስትመለሺ በሩን ቆሜ እንደ ከፈትኩልሽ፣ ባቄላ እየፈለፈልኩ እንደ ነበር አይተሻል። ያኔ ምንም አላልሽም፤ አሁንም አትበዪ። ታሞ ከማጂ በበቅሎ ሲያመጡት እሷ ተከትላው መጣች። እሷ ካለቀሰችለት ይበቃዋል አልኩ። ቁጣው በማግስቱ የሚለቀኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አልለቀቀኝም፤ ሲለቀኝ ደግሞ ኮርቹ ሁሉ አንድ ቁመት ሆኖ ቆየኝ።

ለሰው ትመጣለች ብያለሁ እንጂ ለራሴ አልሞኝም። አሮጊቷን ማን ይገፋታል? ስለዚህ ይህን ብቻ አድርጊልኝ። በበሩ ገብተሽ፣ ቤተ ልሔሙን በግራሽ ትተሽ፣ ከመጀመሪያው ኮርች ጀምረሽ በልብሽ ቁጠሪ። ስንተኛው ነው? አራት ገጽ አልጠየቅኩሽም፤ አንድ ቁጥር ጻፊልኝ። ቁጥር አነባለሁ። ስልክ ግን እንዳትደውዪ፤ ስልኩ ያለው ንጋቷ ሱቅ ነው።

ዛሬ ሁለት ፖስታ ገዝቻለሁ። አንደኛው ይኸው የአንቺ ነው። ሁለተኛው ወደ ማጂ የሚሄድ ነው። «ለወይዘሮ በየነች» ብዬ ጀምሬዋለሁ። «ወይዘሮ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት። ዲቦራ አይታኝ ለማን ነው ብትለኝ፣ ለዘመድ ነው አልኳት። ለሆሳዕና አንድ ሳምንት ሲቀረው መልስሽ እጄ ካልገባ፣ ጨርሼ ለማጂ መኪና እሰጠዋለሁ። አባትሽ ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ጉድጓድ ከሚጨመር፣ እሷ ጣቷን ትቀስር። እኔ አቀርቅሬ እቆማለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ከንጋቷ ሱቅ አልነሳም ነበር።

ለሰው እናት የደከመ ጉልበትሽን እግዚአብሔር ያጽናልሽ። አንገትሽን ሸፍኚ፤ በፎቶግራፉ ላይ ተገልጧል። በዚያ በአጥንቱ ቤት በር ላይ የተጻፈውን በእኛ በር ላይ የጻፈው የለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

እናትሽ ማናልሞሽ
በገዛ እጄ የጻፍኩት