ሙስጠፋ ወደ መላጊያው ተመለሰ

ሀርጌሳ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ ከሥራ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው። ድሬዳዋ ያደገው ባልደረባዬ ሙስጠፋ፣ የእንጨት መላጊያ ማሽኑ የጣቱን ጫፍ ከቆረጠው ወዲህ ቀለም ይቀባል እንጂ አጠገቡ ደርሶ አያውቅም። ዛሬ ግን ለሴት ልጁ የሰርግ አልጋ የሚሆኑ ጣውላዎች ተሸክሞ መጣ።

"ይሄን እኔው ራሴ ነኝ የምልገው" አለኝ።

ፈራሁለት፤ እምቢ ማለት ግን አልቻልኩም። ማሽኑ ሳይነሳ የምላጩን መከለያ ዝቅ አድርጌ፣ ስስ ስስ እያደረገ እንዲልግ አስተካከልኩለት። ጣውላው የሚገፋባቸውን መግፊያ እንጨቶችም አስያዝኩት።

"እጅህ ከመግፊያው እንዳይወርድ። ከከበደህ ደግሞ ተወው፣ እኔ አለሁ።"

"ቢስሚላህ" ብሎ ማሽኑን አስነሳ።

መሃል ላይ ምላጩ የጣውላውን ጉጥ ሲያገኘው ጣውላው ነጠረ። እኔ ክው አልኩ። እሱ ግን አልለቀቀም፤ ሳይቸኩል እስከ ጫፉ ገፋው። ማሽኑን አጥፍቶ ምላጩ ጨርሶ እስኪቆም ጠበቀ። ከዚያ ጣውላውን አንስቶ በዚያችው ጫፏ በተቆረጠች ጣቱ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። ምንም አይጎረብጥም።

"አልሐምዱሊላህ" አለ በረጅሙ ተንፍሶ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ስል፣ ዞር ብሎ፣

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሁለተኛውን ጣውላ አቀብለኝ እንጂ!" አለኝ።