ቀጭኗ ጠመንጃ

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

የሸክላ ተኩስ ቀን፤ ወደ አየር የሚወነጨፍ የሸክላ ሳህን የምንመታበት። ዝናብ የለም። ያፕ ከሃያ አምስቱ ሸክላ አሥራ ስድስቱን መትቶ ለቀረው ዘጠኝ ሰበብ ደረደረ። ፀሐዩ፣ ነፋሱ፣ አዲሱ መነጽር... ጉረኛ። የክበባችን ሊቀመንበር እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

አዲስ አባል መጣች። ሚስ ፔንሪ። ጡረታ የወጣች የከብት ሐኪም፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን እርሻ የገዛችው። ጠመንጃዋን ከከረጢቱ ስታወጣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሃያ ቁጥር! የኛ የሁላችንም አሥራ ሁለት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን አፈሙዙ ይቀጥናል። የመጥረጊያ እንጨት ይዛ የመጣች ነው የምትመስለው። በዚህ ምን ይገደላል? ቢራቢሮ?

እንደ ደንቡ ኪሷን አስገለበጥኳት። የሜዳው ደህንነት ኃላፊ እኔ ነኝ፣ በዚህ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመቴ። ጥይቶቿ ሁሉ ቢጫ። የሃያ ቁጥር ጥይት ቢጫ የሚቀባው በምክንያት ነው፤ አንዷ ተሳስታ አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ከገባች ተንሸራታ አፈሙዙ ውስጥ ትወተፋለች። ከኋላዋ ሌላ ጥይት ተጨምሮ ከተተኮሰ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል። ጣት ይሄዳል፣ ዓይን ይሄዳል። ስለዚህ ደንቤ አጭር ነው። ሁለቱን ጥይት የቀላቀለ ሰው ከሜዳው ይወጣል፣ ተመልሶም አይመጣም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጋጋሪውን ኦስዊንን ኪሱ ውስጥ አንዲት ቢጫ አግኝቼበት አባረርኩት። ሰው ፊት አለቀሰ። ያልቅስ።

ሴትየዋ ሃያ ሁለት መታች። ዕድል ነው።

ኦክቶበር 8

ሄስተር ሸሚዝ ስቀይር ትከሻዬን አየችው። እስከ ክንዴ ድረስ ጠቁሯል። ከፀደይ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ደብቄያት ነበር። ጠመንጃዬ እንደ በቅሎ ይራገጣል፣ እኔ ደግሞ ስልሳ ዘጠኝ ሞላኝ። "ቀለል ያለ ለምን አትገዛም?" አለች። አርባ አራት ዓመት አብራኝ የኖረችው ሚስቴ እንዲህ ትለኛለች! ቀለል ያለ... የሕፃን መጫወቻ ግዛ በይኝ እንጂ።

ኦክቶበር 9

ዝናብ። ምንም የለም።

ኦክቶበር 10

ፔንሪ ደወለች። እርግቦች ቡቃያዋን ጨረሱት፣ ቢያግዙኝ አለች፣ በአንቱታ። ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ስትስት ለማየት ነው የሄድኩት።

አጥሩ ሥር ተቀመጥን። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ፣ በሦስተኛው ዓይኔ እንባ አቀረረ። አየችኝ። የሷን ጠመንጃ አቀበለችኝ፣ ጥይትም ዘግና ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ምን ልበል... ስታነሳት እጅህ ላይ ያለች አትመስልም። እርግቡን አየሁ፣ ጠመንጃዋ ቀድማኝ እዚያ ደረሰች። አሥራ አንድ መታሁ። ትከሻዬ ምንም አልሰማውም። ደግሞ አንዲት ፌዛንት፣ ጅራተ ረጅሟ የዱር ወፍ፣ ከቁጥቋጦው ተነስታ በአናታችን በረረች፤ እሷንም ጣልኳት፣ ለእሑድ ምሳ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው ጻፍኩት። ማንም አያነበውም።

ሄስተር እንዴት ነበር ስትለኝ "መጫወቻ ነው" አልኳት።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

የሸክላ ተኩስ ቀን።

የሰውን ሁሉ ኪስ ፈተሽኩ። የራሴን ማን ይፈትሻል? ያው የእርግቡ ቀን ኮት፣ ያው ኪስ። ተራዬ ሲደርስ ለያፕ ስለ ቀጫጭን ጠመንጃዎች እየቀለድኩለት ነበር፣ ሻይ ሊቀዳ እየሄደ ይስቃል። እጄ ኪሴ ገባ፣ ጥይት አወጣ፣ አጎረሰ። ዓይኔ ያፕ ላይ ነው። ሸክላው በረረ፣ ምላጩን ሳብኩ። ቀጭ። ከፍቼ አየሁ፣ ባዶ። ሳላጎርስ ቀርቼ ነው ብዬ ቀዩን የአሥራ ሁለት ቁጥር ጥይት አወጣሁ።

"አትክተተው" አለች ፔንሪ ከኋላዬ። አንቱታው ቀረ። "ጠመንጃህን ስጠኝ።"

ልቆጣ ዞርኩ። ፊቷን ሳየው ሰጠኋት። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋ አየች፣ ከቦርሳዋ መወልወያ ዘንግ አውጥታ ገፋች። ቢጫዋ ጥይት መዳፏ ላይ ወደቀች። ማንም አላየም። ኪሷ ከተተቻት፣ ጠመንጃዬን መለሰችልኝ፣ ወደ ተራዋ ሄደች።

ሠላሳ አንድ ዓመት! አህያ።

ኦክቶበር 14

ለሄስተር አልነገርኳትም። አፈሙዙን የምይዝበትን የግራ እጄን ጣቶች ሳያቸው እውላለሁ። ማን ያውቃል ግን? ፔንሪ ብቻ። እሷ ደግሞ አትናገርም።

ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ

ፔንሪ ሃያ አራት፣ ያፕ አሥራ አምስት። ሳሩ ላይ አንዲት ያልተተኮሰች ቢጫ ጥይት ወድቃ አገኘና ለሰው ሁሉ እያሳየ ዞረ። አደጋ ነው፣ ሃያ ቁጥር ከሜዳው ይታገድ፣ ረቡዕ ኮሚቴው ይወስን አለ። ራሱ ሁልጊዜ ጥይቱን ሳር ላይ ሲያንጠባጥብ የኖረ ሰው! መሸነፉ እንዳንገበገበው እናውቃለን።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ስድስቱ የኮሚቴ አባላት ሦስት ለሦስት ናቸው፣ የሚወስነው ያንተ ቃል ነው አለኝ። ትከሻዬን መታ፣ ያንኑ የጠቆረውን።

ቢጫ ጥይት አደጋ አድርሶ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አዎ ካልኩ ሴትየዋ ትባረራለች። አያውቅም ካልኩ ውሸት ነው። እውነቱን በሙሉ ካልኩ... ደንቡ የኔ ነው።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

ኮሚቴው የተሰበሰበው መጠጥ ቤቱ ጓዳ ነው። ፔንሪ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ያፕ ያገኛትን ቢጫ ጥይት ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ንግግር አደረገ። አምላኬ፣ ምን ያህል ያወራል! በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና ቢጫ ጥይት እዚህ ሜዳ ላይ ሰው ለአደጋ አጋልጦ ያውቃል ወይ አለኝ።

ፔንሪን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ልትናገር እንዳልሆነ አወቅኩ፣ ቢያባርሯትም።

"አጋልጧል" አልኩ። ያፕ ፈገግ አለ። "ኦክቶበር አሥራ ሁለት ቀን። ቢጫ ጥይት አሥራ ሁለት ቁጥር ውስጥ ገባች። ያጎረስኩት እኔ ነኝ። ሚስ ፔንሪ ባትደርስልኝ እጄ አይኖርም ነበር።"

ያፕ እየቀለድኩ መሰለው፣ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ጥፋቱ የጥይቷ አይደለም፣ የኔ ነው፣ ሃያ ቁጥር ይቆይ አልኩ። የኃላፊነት ፊሽካዬን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቆይ ብሎ የሚለምነኝ ሰው ይኖራል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነው...

"ደንቡ ደንብ ነው ክሌም" አለ ያፕ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ተናገረ።

ኦክቶበር 25

ኦስዊን ዳቦ ቤት ገባሁ። በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ፣ ዳቦ የምትገዛው ሄስተር ነበረች። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፣ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እጁን በሽርጡ ጠረገ።

"የኔዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች" አለ። "አንተ ግን አጎረስካት።"

ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለም። ዳቦ ሸጠልኝ።

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

ጠዋት የሜዳው ተኩስ ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ፊሽካው ያፕ አፍ ውስጥ ነው። ፔንሪ ደወለች፣ አሁንማ በአንተ ነው የምትጠራኝ፤ እህል ማከማቻዬን አይጥ ወረሰው፣ ማክሰኞ ና አለች። አሥራ ሁለት ቁጥሬ ጣራውን ያፈርሰዋል አልኳት። ታዲያ ሌላ ግዛ ብላ ዘጋችው።

ከተማ ወረድኩ። ባለ ሱቁ ሃያ ቁጥሯን ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጠኝ፣ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኳት። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ የክበባችን ናቸው።

"ሸጋ ናት" አለ ባለ ሱቁ። "ለልጅ ልጅዎ ነው?"

"ለራሴ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።