ጊታርሽ ከፎጣ ሥር ስንት አወጣ

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ ፈለቀች፣

አዲሱ ጊታርሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በበክሪ መኪና ይደርስሻል። ጫት በላዩ እንደማይጭንበት ምሎልኛል። ሣጥኑን ከመክፈትሽ በፊት ግን ይህን አንብቢ፤ ስለ አሮጌው የምናዘዘው አለኝ።

እንዳዘዝሽኝ አሮጌውን በአዲስ ልለውጥልሽ ቅዳሜ የላክሽውን መቶ አሥር ብር ይዤ ሚኤሶ ወረድኩ። ስትዛወሪ እኔ ዘንድ የተውሽውን ጊታር በአንሶላ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። መኪናው ላይ አንዲት እናት ሕፃን መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እስክንደርስ አላረምኳቸውም።

ጊታር ሻጩ ዘይኑዲን ሱቅ ከመክፈቱ በፊት የግመል ደላላ ነበር። ዛሬም ሰዓት ይሁን ቴፕ፣ ዋጋ በአፉ አይጠራም። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እጃችን ላይ ጣለና ከሥሩ ጣቴን ይጨብጥ ጀመር፤ አንዱ ጣት አሥር ብር ነው። አዲሱ ሁለት መቶ ስለሆነ አሮጌውን በዘጠና ካልያዘልን አይሞላም። አምስቱን ጣቶቼን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ አንድ ጨመረ። ስድሳ።

«ጎኑ ተሰንጥቋል» አለኝ።

«ተጣብቋል።»

የተቀመጥኩበት እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። አንቺም እኔን ለመሸፈን ለኪነት ቡድኑ ሊቀ መንበር ከጠረጴዛ ወደቀ እንዳልሽ ቀረሽ።

«ስንት ዓመት ተመታበት?»

«ባለቤቷ ቦኬ ከተዛወረች ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም» አልኩት፣ በደብዳቤሽ እንዳስጠናሽኝ።

ፎጣው ሥር እጁ ቆመ። የጣቶቼን ጫፍ አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«አቦ መምህር! ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠመኔ ነው።»

«ጠመኔ ጣት አያደነድንም። ክር ነው እንጂ!»

ግራኝ መሆኔን ታውቂያለሽ። ጊታርሽን ገልብጬ ስለምይዘው ክሩን የምጫነው በቀኜ ነው፤ ለገበያ የሚሰጠውም ቀኝ እጅ ነው። አዎ፣ ከሄድሽ ሳምንት ሳይሞላ ጀምሬ፣ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር ያን ጀምረሽ ያልጨረስሽውን ዜማ እነካካለሁ። አከራዬ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መጀመሪያ ሰሞን አይጥ ገባብህ ወይ ይሉኝ ነበር። አሁን አይጠይቁም፤ ወይ ተሻሽያለሁ፣ ወይ ተስፋ ቆርጠዋል።

«ይሄ እጅ ሊያስረክብ አልመጣም፣ ወላሂ» አለ ዘይኑዲን።

«እሺ፣ ስንት ያወጣል?»

«ለኔ ስድሳ።»

«እኔ ባስቀረውስ?»

ፎጣውን ወደ ትከሻው መለሰና እንደ ሰው በአፉ ተናገረ። «ላንተማ ዘጠና ነው!»

መቶ አሥሩ ላይ ዘጠና ከኪሴ ጨምሬ ከፈልኩ። ስለዚህ ጊታርሽ የሚገባውን ዋጋ ሳይጎድል አግኝቷል፤ ገዢው እኔ ነኝ። እስከ ሰኔ ድረስ ሽሮ እበላለሁ፤ ሽሮ ደግሞ እወዳለሁ።

ማስረከቡ ያቃተኝ ክሩን ስለለመድኩ ብቻ አይደለም፣ ፈለቀች። ክፍሌ ውስጥ የቀረኝ ያንቺ ነገር እሱ ብቻ ነው። ይህን መናኸሪያው ላይ ስሸኝሽ ልነግርሽ ነበር፤ ዕቃሽ ሁሉ ተጭኗል ወይ ብዬሽ ተመለስኩ።

ትምህርት ሲዘጋ፣ በመጀመሪያው የገበያ ቀን፣ አሮጌውን ታቅፌ ቦኬ እመጣለሁ። የዜማውን መጨረሻ ታሳዪኛለሽ። አዝማቹ ሳይደርስ እንዳትስቂ፤ ከዚያ ወዲያ ፈቅጃለሁ። እንዳልመጣ ከፈለግሽ በበክሪ መልእክት ላኪብኝ። ጊታሩን ግን አልመልስም፤ በዘጠና ብር ገዝቼዋለሁ።

ገልብጦም ቢሆን የማይረሳሽ፣
ሞገስ