ወይንሸት ወክ የምትወጣው ከማን ጋር ነው

ሰኞ

ዛሬም ከግርማ ጋር ወጣች። ከትልቋ ልጇ አባት ጋር፣ ከእኔ በፊት ባሏ ከነበረው ሰውዬ ጋር። ገና ሳይነጋ በር አንኳኳ። ቱታ ለብሷል፣ ነጭ ስኒከር ተጫምቷል፣ በዚህ ዕድሜው። እኔ አካፋ ተሸክሜ ወደ ሽንኩርቴ ስወርድ እነሱ በአስፋልቱ ሽቅብ ሄዱ።

ጥፋቱ የዶክተሩ ነው። ለጡቷ ካንሰር የምትወስደው ቀዩ ኬሞ ልብ ሊጎዳ ይችላል ብሎናል። ስለዚህ ልቧን በየጊዜው በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ማየት፣ ግፊቷን መለካት፣ ጨው መቀነስ፣ በልክ ወክ ማድረግ። "ትንፋሽ ካጠረዎት ወይ እግርዎ ካበጠ ሳይደብቁ ይንገሩኝ" አላት። ጨው አልባውን ወጥ አብሬያት የምበላው እኔ ነኝ። ወኩን ግን ግርማ ወሰደው። ለእሱም ለደም ግፊቱ ታዞለት ነው አሉ።

ማክሰኞ

ላብ በላብ ሆና ተመለሰች። "እንዴት ነበር?" ስላት "ጥሩ ነበር" አለች። ለእኔ የምትደርሰኝ ይህችው ናት። ከእሱ ጋር ግን ያን ሁሉ መንገድ ዝም ብለው አይሄዱም መቼም። ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ስለ እኔም ይሆናል።

ቀናሁ። በዚህ ሽበቴ፣ በታመመች ሚስቴ ቀናሁ። ለሰው የሚነገር አይደለም፣ እዚህ ልጻፈው።

ስትተኛ ትራስ ደራረበች። "አንገቴን አሞኝ ነው" አለች።

ረቡዕ

ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ እየደረቀ ነው። የመስኖ ውሃ ተራዬ ነገ ጠዋት ነው፤ ካለፈኝ በዚህ የሮቢት ሙቀት አለቀልኝ። ዓርብ ደግሞ አዲስ አበባ ነን፣ ኢኮ ተነሥታ ኬሞ ልትወስድ።

ገበያ ላይ አንዷ ጎረቤታችን "ወይንሸትንና ግርማን ማንጎ ስር ተቀምጠው አየኋቸው" አለችኝ። ተቀምጠው? ወክ መቀመጥ አለው እንዴ?

ሐሙስ

ውሃውን ተውኩት። እንደ ወትሮዬ አካፋዬን ይዤ ወጣሁና በቦዩ ዞሬ ተከተልኳቸው፣ በሰው በቆሎ ውስጥ እንደ ሌባ እየተሹለከለኩ።

ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ቆመች። ደረቷን ያዘች። ግርማ ጃኬቱን አነጠፈላትና ተቀመጠች። ምንም አያወሩም። እሷ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች፣ እሱ ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ ይጠብቃል። ተነሥታ ትንሽ ሄደችና እንደገና ተቀመጠች።

ከበቆሎው ወጣሁ። ግርማ ደነገጠ። "ንገሪው እያልኳት ነበር፣ አስምላኝ ነው" አለ። እሷ ግን እኔን ነው ያየችኝ። "አንተማ ለዶክተሩ ትነግራለህ። ኬሞውን ይከለክሉኛል፣ በሽታው ይመለስብኛል።"

መፍራት ነበረብኝ፤ ፈርቻለሁም። መጀመሪያ ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። ለእሱ ነግራ ከእኔ ደበቀች።

ዓርብ

ለዶክተሩ እዚያው ፊቷ ነገርኩት። ትንፋሿን፣ መቀመጧን፣ ትራስ መደራረቧን። ትራሱም ለአንገቷ ሳይሆን ለትንፋሿ ኖሯል። ኢኮ ተነሣች። ልቧ ደም የመርጨት አቅሙ ቀንሷል። ቀዩን መድኃኒት ለጊዜው አቆመውና የልብ ኪኒን አዘዘላት። ካንሰሩ ዝም አይባልም፣ ከልብ ሐኪሙ ጋር ተማክረን ሌላ እንመርጣለን አለ። ትንሽ ትንሽ መሄድ ትችላለች፣ ሲደክማት ግን መናገር አለባት። "ቶሎ ስለተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያገግማል" አለን።

"ብዙ ጊዜ" የምትለዋን እስከ ጣርማ በር ድረስ ሳመላልሳት መጣሁ። ወይንሸት አኩርፋለች። ቁልቁለቱን ወርደን ሙቀቱ ሲመጣ ጋቢዋን አወለቀችና "ውሃ ተራህን ትተህ ነው የተከተልከኝ?" አለችኝ። አዎ አልኳት።

እሑድ

የሽንኩርቱ ግማሽ ተቃጥሏል። ስለሱ ዛሬ አልጽፍም።

ግርማ ከነቱታው መጣ። ልመልሰው አስቤ ነበር፣ አፈርኩ። ሦስታችንም ወጣን፤ እኔ መሃል ገባሁ። መንገዱ ሲጠብ ግርማ ወደፊት አለፈ። ኪኒኑን ገና መጀመሯ ነው፤ ይርዳት አይርዳት የምናውቀው ኢኮው ሲደገም ነው። ይህን እያሰብኩ ስሄድ ክንዴን ያዘችኝ።

"ደከመኝ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለእኔ።

መንገድ ዳር ቁጭ አልን። ግርማ ሳይሰማ እጁን እያወናጨፈ ቀድሞን ሄዷል። አልጠራሁትም።