ዳንቴል የለበሰችው መኪና

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን።

አባባ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው አውቶቡስ መሳፈር አቅቷቸዋል። «አንቺ የምትነጂልኝ ያገለገለች መኪና ፈልጊልኝ» ስላሉኝ፣ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልኬ ላይ ማስታወቂያ ስፈልግ አመሻለሁ። ጎረቤታችን መካኒኩ «በዓይንሽ ሳታዪ ቀብድ እንዳትልኪ፤ ያላየሽው መኪና ላም አለኝ በሰማይ ነው» እያለ ይመክረኛል።

ሰኞ ዕለት አባባ ራሳቸው ስልኬ ላይ አንዲት ነጭ መኪና አገኙ። ዋጋዋ እጅግ ርካሽ ነው። ሻጩ ሲደወልለት አያነሳም፤ «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብዱን ቶሎ ላኩ» እያለ ይጽፋል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። መቀመጫው ላይ እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነጭ ክር አልቆባት ጫፉን በቢጫ የጨረሰችው ዳንቴል አለ። ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የላክሁትም ላንተ ብቻ ነው፤ መኪናህን ካቻምና ሳትሸጣት በፊት።

አባባ ዓይናቸው ስለደከመ ዳንቴሉን አላዩትም። «ለምን አንገዛትም?» ሲሉኝ «ተሽጣለች» አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ለመሆኑ ሥራ እንዴት ነው? በደንብ ትበላለህ? ድምፅህን ከሰማን ቆየን። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው፤ መምጣት ካሰብክ ባዶ እጄን ነኝ ብለህ እንዳትቀር።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ በጸሎታቸውም ስምህን አይዘሉም። ማስታወቂያዎቹን አጥርተው እንዲያዩበት መነጽር አሠርቼላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርሳል።

እህትህ