መለኪያው ላይ የሳልካት ቀይ መስመር

ውድ ክላይቭ፣

ከሞትክ ሦስት ሳምንት ሆኖሃል፤ እኔ ግን ዛሬም ልወቅስህ ተነስቼ ነበር። በሕይወት ሳለህም አመሌ ይኸው ነበር። በበግ መሸለቻ ቤትህ ውስጥ ያችን ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ዘጠኝ ዓመት ስንሠራ፣ አንተ ያሰርከውን ብሎን ሁሉ ዞር ስትል ደግሜ እፈትሽ ነበር። እያየኸኝ ዝም ትላለህ። ዝምታህንም ጠረጠርኩት።

አስቸጋሪነቷን ታውቃለህ። ስታርፍ ፍጥነቷን በደንብ ካልቀነሱላት ሣሩ ላይ እየተንሳፈፈች እስከ ጎረቤታችን እስከ ኪት አጥር ትሄዳለች፤ ከልክ በላይ ከቀነሱባት ደግሞ ክንፏ መሸከም አቅቶት ይከዳትና ትወድቃለች። ልኩን ፈትነህ ያወቅከው አንተ ነህ። የፍጥነት መለኪያው ላይ፣ ሃምሳ አምስት ቁጥር አጠገብ፣ ቀይ መስመር ሳልክና «ሞሪስ፣ ስታርፍ በዚህች ና» አልከኝ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ባበረርናት ስድስት ዓመት ውስጥ ሁሌ በመስመርህ ላይ አሥር እየጨመርኩ በስድሳ አምስት አረፍኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ከዚያ በታች ሆኜ አላረፍኩም። አንተ ስታበርርም አብሬህ ተቀምጬ አላውቅም፤ ማን ያውቃል ብዬ። ሁሌም ያለ ኮሽታ አርፍ ነበር፤ ይህንንም ከራሴ ብልጠት ቆጠርኩት።

በቀብርህ ቀን አፈርኩ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳላምነው ሄደ ብዬ አለቀስኩ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በመስመርህ ላርፍ ተነሳሁ። አመል ነውና ግን መጀመሪያ ሰማይ ላይ ሞከርኩት። ሃምሳ አምስት ስትደርስ ግራ ክንፏ ድንገት ከዳት፤ መሬቱ በመስኮቴ ዞረ። ያ ሁሉ ከፍታ ባይኖረኝ ዛሬ የመቃብር ጎረቤትህ ነበርኩ።

በቀጥታ ሚስትህ ዘንድ ሄድኩ። ኦድሪ አንሶላ ታሰጣ ነበር።

«ባልሽ ሊገድለኝ ነበር!»

የሆነውን ስነግራት በአፏ የያዘችው የልብስ መቆንጠጫ እስኪወድቅ ሳቀች።

«አንተ ጠርጣራ! ትክክለኛው ስድሳ አምስት ነው። ‹እሱን ብጽፍለት በሰባ አምስት መጥቶ የኪት አጥር ውስጥ ይሰነቀራል፤ ሞሪስ እኔ ባልኩት ላይ አሥር ሳይጨምር አያድርም› ብሎ ነው ቀንሶ የሳለልህ።»

«ባምነውስ ኖሮ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ሞሪስ? ሊያምነኝ ቢነሳ እንኳ መጀመሪያ ሰማይ ላይ ሳይፈትሸኝ አያምነኝም› አለኝ።»

እዚያው አንሶላው መሃል ቆሜ ተናደድኩብህ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። እንዲህ የሚያውቀኝ ሰው ከእንግዲህ የለኝም።

መስመርህን አላጠፋኋትም። ዛሬም አሥር ጨምሬባት አረፍኩ። እስከ ዛሬ የምጨምረው ስለማላምንህ ነበር፤ አሁን ግን ስላመንኩህ ነው።

ብሎንህን ሁሉ ደግሞ የፈተሸው ጓደኛህ፣
ሞሪስ