ለትንሿ የላክሽው ማሽን

ይድረስ ለታላቄ ለእታለሜ፦

ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አባባም፣ እማማም፣ ትንሿ እህታችንም ደህና ነን። እኔ ብቻ ቅናት ይዞኛል፤ ለሱ ደግሞ ሐኪም ቤት አይኬድ ነገር።

የላክሽላት ሲኤንሲ፣ ያ በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን፣ ደርሷል። ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ ነው ብለሽ ነበር፤ እውነትም ወፍራም አሉሚኒየም ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም ኮምፒውተሯ ላይ የሣለችውን ራሱ ቆርጦ ያወጣላታል። ለውድድር የምትሠራውን የሮቦት ክንድ ዕቃ በዕቃ አወጣችበት። እኔ ሃያ ዓመት ብረት ስሞርድ አንድ ሞረድ እንኳ ልከሽልኝ አታውቂም። ይሁን፣ ልተወው ብዬ ነበር፤ አልተወኝም።

አባባ ወንበሩን ከእኔ ወርክሾፕ አንስቶ እሷ ክፍል አስገባው። ሙያ ያስተማረኝ ሰው፣ ዛሬ ዓይኔን እያየ «የእሷ ማሽን የፀጉር ያህል አይሳሳትም» ይለኛል።

አሁን የምነግርሽ በአንቺና በእኔ መካከል ይቅር። ትናንት የሮቦቱን ክርን ልትቆርጥ ነበር። የቀራት አሉሚኒየም ያ ብቻ ነበር፤ ውድድሩ ደግሞ ነገ ነው። መቁረጫውን በረጅም ቀየረችና ከፍታውን ሳትለካ ቀረች። እንደገና ካልተለካ ማሽኑ የድሮው አጭር መቁረጫ ያለ መስሎት ከልክ አልፎ ይወርዳል። በር ላይ ቆሜ ይህን አየሁ። አየሁና አፌን ያዝኩ። ይበላት፣ አባባም ጉዱን ይይ አልኩ በሆዴ። መቁረጫው እንክት አለ፣ ዕቃውም መሃሉ ተቦደሰ።

አላለቀሰችም። ስብርባሪውን ይዛ ወርክሾፔ መጣችና «ጋሼ፣ አንተ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ይሄ አያመልጥህም ነበር» አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካለኝ ቁርጥራጭ መርጬ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ በእጄ ሞረድኩላት። ልክክ ብሎ ገባ። አባባ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራ አሳየልኝ። የተመኘሁት ይሄን አልነበር? አልጣመኝም። የውድድሩ ወረቀት ላይ «ሠሪዎች» በሚለው ቦታ የእኔን ስም ከራሷ አስቀድማ ጽፋለች። ምን ብዬ ልንገራት? ታላቃችን ነሽና ምከሪኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ትልቁን ልጅ በትምህርትህ በርታ በይልኝ፣ ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አባባና እማማ ይመርቁሻል። ትንሿም ናፍቀሽኛል ብላለች፤ የጻፍኩትን ላንብበው ስትለኝ ግን ከለከልኳት።

ወንድምሽ
ከወርክሾፑ፣ እሑድ ከሰዓት፣ መጋቢት 6 ቀን